አስተርጓሚዋ

በርገን፣ በጥር ወር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ዝናቡ መስኮቱን በጥፍሩ ሲቧጥጥ፣
የስልክ አስተርጓሚው መስመሩ ሲቋረጥ፣
ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤
«አማርኛ ትችያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እጄን አወጣሁኝ፤
ክፍል ውስጥ መልስ እንዳወቀ ልጅ፣ ፈጥኜ፣ ደስ ብሎኝ።

ሁለት አማርኛ እንዳለ የነገረኝ የለም።
አንዱ የቤት ነው፤ «ብዪ»፣ «ጫማሽን አውልቂ»፣ «መሽቷል፣ ተኚ አሁን»፤
ሌላው የትልቅ ሰው፣ ጥቁር ለብሶ የሚቆም።
«አረፈ» የሚባል ቃል እዚያኛው ውስጥ ኖሯል፤ እኔ ጋ አልደረሰም።
እኔ የማውቀው «ሞተ»ን ነው፤
መኪናችን በብርድ አልነሳ ሲል፣ አባዬ «ባትሪው ሞተ» ያለው።
እሱኑ አነሳሁ። እንደ ሞላ ብርጭቆ በሁለት እጄ ያዝኩት።
«ያፌት ሞተ» አልኳት።

እማዬ ሐኪሟን አላየችም።
እኔን ነው ያየችው።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ረዘመ።
«ያፌ—» ብላ ትጀምርና መንገድ ላይ ትነቃለች፤
«—ሶስና» ብላ ትጨርሳለች።
ሁለት ሰው ሆኜ «አቤት» እላለሁ።
አባዬ ከሥራ ይመጣል፤ ሞተሩን ያጠፋል፤ አይወርድም።
ከአራተኛ ፎቅ መጋረጃ ገልጬ ባቡር እቆጥራለሁ፤
አንድ አለፈ። ሁለት። በአምስተኛው ይወጣል፤
ፊቱ እንደታጠበ «እንዴት ዋልሽ?» ይለኛል፤
መልሴ ሳይደርስ ጫማውን ይፈታል።
እኔም ሳቄ ሲመጣ ፎጣ መንከስ ለመድኩ፤
መቶ ከመቶ ያገኘሁበትን ወረቀት ፍራሽ ሥር ደበቅኩ።

ለቅሶ ደራሾቹ ትከሻዬን ይዘው፣
«እናትሽን አደራ፤ ለሷ ቀሪ አንቺ ነሽ» አሉኝ በየተራው።
ቀሪ።
በቅዳሜው የአማርኛ ክፍል፣ ስም ሲጠራ ያልመጣ ልጅ ነው «ቀሪ» የሚባለው።
«ያፌት» ሲባል ዝም፤ ልማድ ሆኖ አልተሰረዘም።
«ሶስና» ሲባልም ዝም።
መምህራችን እስክሪብቶዋን እንዳነሳች ቀረች፤
ከሁለታችን የትኛችን እንደቀረን ጠፍቷት።

ከሆስፒታል የተላከ ቀጭን መጽሐፍ ነበረ።
እማዬ ሽፋኑን ፊደል በፊደል፣ «ሶ፣ ር፣ ግ» አለች፤
«ሰርግ? የማን ሰርግ ነው ደግሞ?»
«አይደለም እማዬ። በነሱ ቋንቋ ሐዘን ነው» አልኳት።
ሳቀች። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዋ።
ሳቋ መሐል ላይ ከእጇ አምልጦ
ኩሽናው ወለል ላይ እንደ ሰሃን ጮኸ።

በግንቦት ትምህርት ቤቱ ሁለቱንም ጠራቸው።
ወይዘሮ ቶርዲስ ቀስ ብላ፣ እኔን እየጠበቀች ተናገረች፤
ልጃችሁ አትተኛም፤ ምሳዋን ሳትነካ ትመልሳለች፤
እናንተ ፊት እንዳታለቅስ እዚህ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ውሃ ከፍታ ታለቅሳለች፤
ይህ ሶርግ ነው አለች።
እኔ አስተርጓሚዋ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤
«ሶስና ጎበዝ ናት፣ በሒሳብ በተለይ» ብዬ አስተረጎምኩ።

አባዬ ራሱን ነቀነቀ።
እማዬ ግን ጣቷን አነሳች።
«ሶርግ ብላለች። ሰምቻለሁ።»
ዞር አለች ወደ እኔ፤
«የማን?»

ሁለቱን ቋንቋ ፈተሽኩ፤ የምደበቅበት ቃል አጣሁ።
«የኔ» አልኩ።

በማግስቱም አባዬ አልወረደም።
አንድ ባቡር አለፈ። ሌላም።
እማዬ ዣንጥላ አነሳች፤ እጄን ይዛኝ ደረጃውን ወረድን፤
የኋላውን በር ከፍተን ሁለታችንም ገባን።
ሞተሩ እንደጠፋ፣ ዝናቡ ጣሪያው ላይ፣
ማንም አልተናገረም፤ ማንም አስተርጉሚ አላለኝም።
የያፌት ወንበር መሐላችን ነበረ፤
ቀበቶው ለአጭር ልጅ እንደተስተካከለ።